ትልቁን ግድብ በትንሽ ኮምፒውተር፦ መቁረጥ፣ ማቅለል፣ መግጠም

ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ፣ ኦሞ ወንዝ ወላይታንና ዳውሮን በሚለይበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ጊልጌል ጊቤ 3 ግድብ ቆሟል። ቁመቱ 243 ሜትር ነው። የአናቱ ርዝመት ከ600 ሜትር ያልፋል፤ አካሉ ወደ 6.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው። ግንባታው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ስምጥ ሸለቆው ጎረቤት ነውና፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይህ ሁሉ ኮንክሪት ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ለሶዶ መሐንዲስ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄውን በፋይናይት ኤለመንት ልመልስ ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ግን ከግድቡ በፊት የሚታገለው ከላፕቶፑ ጋር ነው። ኮንክሪቱን ጎናቸው 5 ሜትር በሆኑ ኤለመንቶች ብንሸነሽነው 50 ሺህ ያህል ኤለመንት፣ ከ160 ሺህ በላይ ያልታወቀ ቁጥር ይወጣል። ከሥሩና ከግራ ቀኙ ያለው ዐለት ሲጨመር ግማሽ ሚሊዮን ይሞላል። 20 ሰከንድ የሚቆይ መንቀጥቀጥ በ0.01 ሰከንድ እርምጃ ሲሰላ 2000 እርምጃ ነው። 7 የመንቀጥቀጥ መዝገብ፣ 5 ዓይነት የዐለት ግትርነት፣ 3 የውኃ ከፍታ እንሞክር ካልን 105 ዙር፣ 210 ሺህ እርምጃ ይሆናል። አንዱ እርምጃ በ1 ሰከንድ ቢያልቅ እንኳ ላፕቶፑ 58 ሰዓት ሳያርፍ መሥራት አለበት፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ።

መውጫው ሁለት የቆዩ ሐሳቦችን ማጋባት ነው። አንደኛው መቁረጥ ነው። ሄርማን ሽዋርትዝ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1870 አንድን አስቸጋሪ ቅርጽ ወደ ሁለት ቀላል ቅርጾች ከፍሎ፣ መልሱን በሁለቱ መካከል እያመላለሰ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ሁለተኛው ማቅለል ነው፤ ማለትም ብዙ ሺህ ያልታወቁ ቁጥሮችን በጥቂት የእንቅስቃሴ ቅርጾች መተካት። ዋልተር ኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለቱን አዋሕዶ አቀረበ፤ ሮይ ክሬግና መርቪን ባምፕተን ደግሞ በ1968 ዘዴውን አሁን በየሶፍትዌሩ ወደምናገኘው ቀላል መልክ አመጡት።

እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ቅደም ተከተል እወጣለሁ። መጻሕፍቱ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ቁራጭ ውስጥ ያቀልሉና ቁራጮቹ የሚነካኩበትን ገጽ፣ ማለትም መገናኛውን፣ ወደ መጨረሻ ይገፉታል። በግድብ ላይ ሜሞሪውን የሚጨርሰው መገናኛው ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ከዚህ በታች የኮንክሪቱን ግትርነት 20 ጊጋፓስካል፣ የውኃውን ጥልቀት 230 ሜትር ብዬ የወሰድኩት ለልምምድ ነው። ስለ ግድቡ ደኅንነት ፍርድ የሚሰጥ ሰው ትክክለኛውን ንድፍና ከግድቡ የተነበበውን የመሣሪያ መረጃ መያዝ ይኖርበታል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። ለምሳሌ፦ "እስከ 10 ሄርዝ ባለው ንዝረት የግድቡ አናት ምን ያህል ይንቀሳቀሳል? ተረከዙስ (በውኃው በኩል ያለው የግርጌው ማዕዘን) ምን ያህል ስትረስ ይሸከማል?" የቀለለ ሞዴል ሁሉን አያውቅም፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚያውቀው። 10 ሄርዝ የሚለው ቁጥር በኋላ የምንይዛቸውን ሞዶች፣ ማለትም የንዝረት ቅርጾች፣ ብዛት ስለሚወስን አሁን ካልተጻፈ የሚመጣው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ሶፍትዌር ሳትከፍቱ በእጅ አስሉ

አኒል ቾፕራ ለኮንክሪት ግራቪቲ ግድቦች ባቀረቡት ቀላል ቀመር፣ ባዶ ግድብ በማይነቃነቅ ዐለት ላይ ቢቆም የአንድ ውዝዋዜው ጊዜ እንዲህ ይገኛል፦ 0.38ን በሜትር በተለካው ቁመት አባዙ፤ ግትርነቱን በሜጋፓስካል ጽፋችሁ በስኩዌር ሩቱ አካፍሉ። ለ243 ሜትርና ለ20 ሺህ ሜጋፓስካል 0.65 ሰከንድ ይሰጣል፤ ይህም 1.5 ሄርዝ ገደማ ነው። ቀመሩ የግድቡን አንድ ቁመታዊ ክፍል ብቻ ስለሚያይ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግራ ቀኙን ተደግፎ የቆመ ግድብ ከዚህ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። የዐለቱ መለስለስና የውኃው ክብደት ደግሞ መልሰው ዝቅ ያደርጉታል።

አሁን ውኃውን አስሉ። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1440 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ለ4 እጥፍ ጥልቀት፣ ማለትም ለ920 ሜትር ስታካፍሉት የውኃው የመጀመሪያ ሬዞናንስ 1.57 ሄርዝ ይወጣል።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ቆም ብላችሁ ተመልከቷቸው። 1.5 እና 1.57። ግድቡና ሐይቁ በተቀራረበ ፍሪኩዌንሲ ሊወዛወዙ የሚፈልጉ ሁለት አካላት ናቸው ማለት ነው። ውኃውን በግድቡ ፊት ላይ እንደተለጠፈ ተጨማሪ ክብደት ብቻ ቆጥሮ ማለፍ በዝቅተኛ ግድብ ላይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ እዚህ ግን አያስኬድም። ውኃው ራሱን የቻለ ቁራጭ መሆን አለበት። ይህን ትልቅ ውሳኔ የሰጠን ባለ ሁለት መስመር የእጅ ስሌት ነው።

ደረጃ 3፦ የመቁረጫውን ቦታ ምረጡ

በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን የቅርጫ በሬ ሲታረድ ብልት የሚያወጣው ሰው አጥንት አይሰብርም፤ ቢላውን የሚያስገባው መገጣጠሚያው ላይ ነው። የሞዴል መቁረጫም እንደዚሁ ነው። ሶፍትዌሮች ሜሽን በራሳቸው እኩል እኩል ይከፋፍላሉ፤ ይህ ሥራን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ለማደል ጥሩ ነው። ለማቅለል ግን እኩልነት ምንም አይፈይድም። የምትፈልጉት በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚተላለፈው ነገር ጥቂትና ለስላሳ የሆነበትን ቦታ ነው።

ግድባችን ላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ኮንክሪቱ ከዐለቱ ጋር የሚገናኝበት ገጽ አንዱ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቁስ ስለሆኑና የዐለቱን ጠባይ ደጋግመን ስለምንቀያይር መቆረጥ አለበት። የውኃውና የኮንክሪቱ ገጽ ሌላው ነው። ኮንክሪቱን ራሱን ደግሞ ከላይ እስከ ታች በሚወርዱት የመኮማተሪያ መገጣጠሚያዎች መስመር ላይ 4 ቦታ ቆርጠን 5 ቁራጭ እናደርገዋለን። የውኃ ማስተንፈሻው የሚገኝበት ክፍል ለብቻው ቁራጭ ይሁን፤ ቅርጹ ስለሚለይ ሜሹን ደጋግማችሁ የምታሻሽሉት እሱን ነው።

የማትቆርጡበት ቦታም አለ፦ ተረከዙ። ስትረስ የሚከማችበት ማዕዘን ላይ መገናኛ ካሳለፋችሁ፣ በጣም የምትፈልጉት ቁጥር በጣም የተቃለለው ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከተረከዙ ሥር ያለውን አንድ ድርብርብ ዐለት ከኮንክሪቱ ቁራጭ ጋር አቆዩትና መገናኛውን ትንሽ ወደ ታች አውርዱት።

ጥሩ መቁረጫ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሶዶ ያለውን የኃይል መቀየሪያ ጣቢያ ያስብ። ከዚያ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎ ቮልት የዳይሬክት ከረንት መስመር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል፤ የተሠራውም 2000 ሜጋዋት እንዲሸከም ነው። ሁለቱ አገሮች በመስመሩ ኃይል ይለዋወጣሉ እንጂ የጄኔሬተሮቻቸው ውዝዋዜ በቀጥታ አይነካካም። የሁለቱን አገሮች መረብ የሚያሰላ ሰው ሌላ ቦታ መቁረጫ መፈለግ አያስፈልገውም። እንዲያውም ጋብሪኤል ክሮን የኤሌክትሪክ መረብን የውስጥ ኖዶች አስወግዶ በዳር ኖዶች ብቻ የገለጸበት ስሌትና እኛ ግድቡ ላይ የምንሠራው የስታቲክ ማቅለል ሒሳባቸው አንድ ነው። የኤሌክትሪካልና የሲቪል ተማሪዎች በዚህ ላይ አንድ ጠረጴዛ ቢጋሩ ያተርፋሉ።

ደረጃ 4፦ ሜሽ

በዚህ ብዙ አልቆይም። ከላይ በተወሰደው ግትርነት የሸር ሞገድ በኮንክሪት ውስጥ በሰከንድ 1860 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ10 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 186 ሜትር ነው። ለአንድ ሞገድ 10 ኤለመንት ይበቃል ከተባለ 18 ሜትር ኤለመንት ለንዝረቱ ይበቃል። 5 ሜትሩን የመረጥነው ለስትረሱ ነው። በመገናኛው ግራና ቀኝ ያሉት ኖዶች አንድ በአንድ እንዲገጥሙ አድርጉ። የማይገጣጠሙ ሜሾችን የሚያያይዙ ዘዴዎች ቢኖሩም ለመጀመሪያ ሥራ ራስ ምታት ብቻ ያተርፋሉ። የእያንዳንዱን መገናኛ የኖድ ዝርዝር በተለየ ፋይል፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አስቀምጡ።

ለሜሹና ለማትሪክሱ በነፃ የሚገኘው ኮድ አስተር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ያዘጋጀው የፈረንሳዩ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢዲኤፍ ነው፤ ቁራጮችን አቅልሎ የመግጠም መሣሪያም በውስጡ አለው። ውስጡን ገልጦ መማር የሚፈልግ ግን ማትሪክሶቹን አውጥቶ በፓይተንና በሳይፓይ ይሥራ። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

ደረጃ 5፦ በመጀመሪያ መገናኛውን አቅልሉ

የተለመደው መንገድ እንዲህ ይላል፦ የመገናኛውን ኖዶች በየተራ በአንድ አሃድ አንቀሳቅሱ፤ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የቁራጩ ውስጥ እንዴት እንደሚከተል አስሉ። በወረቀት ላይ ያምራል። እስቲ እንቁጠር።

የግድቡ መሠረት ስፋት 200 ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ መሀል ላይ የሚቆረጠው ገጽ በ5 ሜትር ሜሽ ከ1000 በላይ ኖድ፣ ከ3000 በላይ ያልታወቀ ቁጥር ይኖረዋል። አራቱ ቁርጦች ሲደመሩ 8 ሺህ፣ የዐለቱ ገጽ ብቻውን 10 ሺህ ያህል፣ በድምሩ 18 ሺህ ይሆናል። ውስጡ ሲወገድ የሚቀረው ማትሪክስ ዜሮ የሌለበት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ 18 ሺህ በ18 ሺህ የሆነ ማትሪክስ 2.6 ጊጋባይት ይይዛል። ግትርነትና ግዝፈት ሁለት ማትሪክስ ስለሆኑ 5.2 ጊጋባይት። የዐለቱ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ 340 ሺህ የውስጥ ቁጥሮች ለ10 ሺህ እንቅስቃሴዎች ሲሰሉ 27 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እዚህ ላይ ያበቃለታል። ብዙ ተማሪ ዘዴው አይሠራም ብሎ የሚተወውም እዚሁ ጋ ነው።

መገናኛው ይህን ሁሉ ነፃነት አያስፈልገውም። ሴንት ቬናንት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩት መርሕ እዚህ ያገለግለናል፤ በአንድ ገጽ ላይ ያለ ደቃቅ መዋዠቅ ከገጹ ትንሽ ራቅ ሲባል ይከስማል። ጎረቤት ቁራጭ ዘልቆ የሚሰማው ሰፋ ያሉትን፣ ለስላሶቹን እንቅስቃሴዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንዲህ አስኪዱት፦

ሀ. መላውን ግድብና ዐለት በ20 ሜትር ኤለመንት አንድ ላይ ሞዴል አድርጉ። ይህ በማንኛውም ላፕቶፕ ይፈታል።

ለ. በዚህ ሞዴል የመጀመሪያዎቹን 40 ሞዶች፣ የራስ ክብደትንና የ3ቱን የውኃ ከፍታዎች የስታቲክ መልስ አስሉ። ዐለቱን አንዴ በጣም ለስላሳ፣ አንዴ በጣም ጠንካራ አድርጋችሁ ድገሙት፤ በኋላ የምትሞክሩት ሁሉ በሁለቱ መካከል እንዲወድቅ ነው።

ሐ. 50 ያህል የዘፈቀደ ጭነቶችን ከመገናኛው ርቃችሁ ጫኑና መልሶቻቸውን ጨምሩ። ተራ ሞዶች ያላሰቧቸውን እንቅስቃሴዎች የሚያመጡት እነዚህ ናቸው፤ ይህን እርምጃ ዝለሉ የሚል ፈተና ብዙ ነው፣ አትዝለሉት።

መ. ከየመልሱ መገናኛው ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ቁረጡና ወደ 5 ሜትሩ ሜሽ አስተላልፉ። ግትር አካላዊ እንቅስቃሴዎችን፣ ማለትም ሦስቱን መንሸራተትና ሦስቱን መዞር ጨምሩ።

ሠ. ሁሉንም አንድ ማትሪክስ ውስጥ ከታችሁ ሲንጉላር ቫልዩ ዲኮምፖዚሽን ሥሩ። ከትልቁ አንድ መቶ ሺህኛ የማይሞሉትን ጣሉ። 100 ቅርጾች ያህል ቀሩ እንበል።

ቅርጾቹን ለአምስቱም መገናኛዎች በአንድነት አውጡ እንጂ ለየብቻ አታውጡ። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቁርጥ ከዐለቱ ገጽ ጋር የሚገናኝበት መስመር ለሁለት መገናኛዎች የጋራ ነው። ለየብቻ የወጡ ቅርጾች እዚያ መስመር ላይ ካልተስማሙ ሞዴሉ ሳይናገር ይሰነጠቃል፤ ስህተቱም በፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 6፦ አሁን የቁራጮቹን ውስጥ

ለእያንዳንዱ ቁራጭ የግትርነት ማትሪክሱን የውስጥ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ፋክተር አድርጉ፤ ከዚያ ለ100ዎቹ የመገናኛ ቅርጾች የውስጡን ተከታይ እንቅስቃሴ ፍቱ። ዐለቱ ላይ 27 ጊጋባይት የነበረው አሁን 272 ሜጋባይት ነው። የሳይፓይ መደበኛ ፈቺ የማትሪክሱን ሲሜትሪ ስለማይጠቀምበት በዐለቱ ላይ ሜሞሪ ያባክናል፤ ቾልሞድን ተጠቀሙ፤ ወይም ፓይ ኤ ኤም ጂን ከኮንጁጌት ግራዲየንት ጋር አጣምሩ።

ቀጥሎ መገናኛውን አስራችሁ የቁራጩን የራሱን የንዝረት ሞዶች አውጡ። ልማዱ ከምትፈልጉት ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ድረስ መያዝ ነው፤ ለእኛ 20 ሄርዝ። ከታሰሩት የኮንክሪት ቁራጮች ከእያንዳንዳቸው 30 ያህል ሞድ ቢወጣ አምስቱ 150 ይሆናሉ፤ ከመገናኛው ጋር በድምሩ 250 ያልታወቀ ቁጥር። ማትሪክሱ ግማሽ ሜጋባይት ነው።

ዐለቱን በመጀመሪያው ዙር ግዝፈት የሌለው አድርጋችሁ ውሰዱት። ይህ በግድብ ስሌት የቆየ ልማድ ነው፤ ማዕበሉ ወደ ጥልቁ መሸሹን ስለማያስቆጥር ብዙ ጊዜ መልሱን ያጋንናል፤ ለመጀመሪያ ዙር ግን ሥራውን በእጅጉ ያቀላል። ግዝፈት የሌለው ቁራጭ የራሱ ሞድ ስለሌለው ከመገናኛው ቅርጾች በስተቀር ምንም አይጨመርበትም። በሁለተኛው ዙር ግዝፈቱን ስትመልሱ፣ ሊስመርና ኩልማየር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቧቸውን ሞገድ የሚውጡ ዳሽፖቶች በውጭው ዳር ላይ ስታስቀምጡ፣ ያ ዳርም እንደ መገናኛ እንዲቆጠር አድርጉ። አስራችሁት ሞድ ካወጣችሁ ዳሽፖቱ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ምንም አይውጥም።

መቁረጥ ያለው ሌላ ጥቅም እዚህ ይታያል። የአንዱ ቁራጭ ሥራ ከሌላው ጋር አይነካካም። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ተማሪዎች አምስት ኮምፒውተር ላይ አምስቱን ቁራጮች ሊያወጡ ይችላሉ፤ የሚለዋወጡት የተቃለለው ማትሪክስ ከአንድ ፎቶግራፍ ስለሚያንስ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይላካል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የአንዱ ቁራጭ ሥራ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ውኃው

ሐይቁ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ለግድቡ ንዝረት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የጥልቀቱን 3 እጥፍ፣ 700 ሜትር ያህል ወስዳችሁ ጫፉ ላይ ሞገድ የማይመልስ ሁኔታ አስቀምጡ። እንዲህ ያለው ቀላል ሁኔታ በሬዞናንሱ አጠገብ፣ ማለትም በ1.57 ሄርዝ ገደማ፣ ደካማ ነው። ርዝመቱን እጥፍ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሳትፈትሹ አትመኑት።

ሃሮልድ ዌስተርጋርድ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጡት የተጨማሪ ክብደት ቀመር ለንጽጽር ይጠቅማል። 230 ሜትር ጥልቀት ላይ በአንድ ሜትር ካሬ የግድብ ፊት 200 ቶን ያህል ውኃ አብሮ ይወዛወዛል ይላል። የእናንተ የውኃ ቁራጭ በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መስጠት አለበት። ሸለቆው ጠባብና ዘቅዛቃ ስለሆነ ልዩነት ይኖራል፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ከሆነ ግን የዩኒት ስህተት ፈልጉ።

ውኃውን ለማቅለል ሞዶቹን መልቀም አያዋጣም፤ እስከ 20 ሄርዝ ድረስ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ይልቅ የባዶውን ግድብ የመጀመሪያዎቹን 20 ሞዶች ውሰዱ፤ የግድቡን ፊት በእያንዳንዳቸው እያንቀሳቀሳችሁ የውኃውን ግፊት በ6 ፍሪኩዌንሲዎች ፍቱ፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከ1.57 ሄርዝ አጠገብ ይሁኑ። ግፊቱ ኮምፕሌክስ ቁጥር ስለሚሆን ሪያሉንና ኢማጂነሪውን ለያይታችሁ እንደገና ሲንጉላር ቫልዩ ሥሩ። 100 ያህል የግፊት ቅርጽ ይበቃል።

ግፊትና እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሲገቡ ማትሪክሱ ሲሜትሪውን ያጣል። ሲሜትሪ የሚጠብቅ የአይገን ፈቺ ስህተት አለብህ ሳይል የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሞድ አትፈልጉ፤ በየፍሪኩዌንሲው በቀጥታ ፍቱ።

ደረጃ 8፦ ግጠሙና አስኪዱ

250ው የኮንክሪትና የዐለት፣ 100ው የውኃ፣ በድምሩ 350 ያልታወቀ ቁጥር። ከ0 እስከ 10 ሄርዝ በ0.01 ሄርዝ ልዩነት 1000 ትንንሽ ስሌት ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የሚወጣው መሬቱ በአንድ አሃድ ሲንቀጠቀጥ ግድቡ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሰባቱን የመንቀጥቀጥ መዝገቦች ወደ ፍሪኩዌንሲ ቀይራችሁ በዚህ ማባዛትና ውጤቱን ወደ ጊዜ መመለስ ብቻ ይቀራል። ለእያንዳንዱ መዝገብ አዲስ ዙር አያስፈልግም፤ 105ቱ ዙሮች ወደ 15 ወረዱ።

የዐለቱ ግትርነት ሲቀየርም ከባድ ሥራ የለም። የዐለቱ ቁራጭ በሙሉ በአንድ ቁጥር ከጠነከረ ወይም ከለሰለሰ የተቃለለው ማትሪክሱም በዚያው ቁጥር ይባዛል፤ ቅርጾቹ አይለወጡም። የቀኙና የግራው ትከሻ ዐለት የተለያየ ነው የሚል ሰው ዐለቱን ከመጀመሪያው ለሁለት ቆርጦ ለየብቻ ያባዛ። ደረጃ 3 ላይ ዐለቱን የለየነው ለዚህ ነበር።

ደረጃ 9፦ ሞዴሉን ጠርጥሩት

ፈተናዎቹ በቅደም ተከተል ይሂዱ፤ አንዱ ከወደቀ ቀጣዩን አትንኩ።

ከዐለት ያልተያያዘን አንድ የኮንክሪት ቁራጭ በሙሉ 1 ሜትር አንሸራትቱት፤ የመገናኛ ኃይሉ ዜሮ መሆን አለበት። በተቃለለው የግትርነት ማትሪክስ ውስጥ ሞዶቹንና መገናኛውን የሚያገናኘው ክፍልም ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሞዶቹን ስታወጡ መገናኛውን በትክክል አላሰራችሁም። ለሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ግራም ብላችሁ የግድቡን ክብደት ስትደምሩ ወደ 15 ሚሊዮን ቶን መምጣት አለበት። የውኃው አግድም ግፊት ጥልቁ ቦታ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት 259 ሜጋኒውተን ነው፤ ይህም የግማሽ፣ የውኃው እፍጋት፣ የግራቪቲና የጥልቀት ስኩዌር ብዜት ነው።

ከዚያ የባዶውን ግድብ ፍሪኩዌንሲዎች ተመልከቱ። የተቃለለ ሞዴል ካልተቃለለው ይልቅ ግትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ሜሽ ፍሪኩዌንሲው ከሙሉው ሞዴል እኩል ወይም ከፍ ያለ እንጂ ዝቅ ያለ ሊሆን አይችልም። ዝቅ ካለ ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ብዙ ስህተት የሚያጋልጥ ፈተና ነው።

በመጨረሻ ከተቃለለው ሞዴል ያገኛችሁትን እንቅስቃሴ ወደ ሙሉው ሜሽ መልሱና ያልተመጣጠነውን ኃይል አስሉ። በካርታ ስታዩት ቅሪቱ መገናኛው ላይ ከተሰበሰበ ደረጃ 5 ላይ ተመልሳችሁ የዘፈቀደ ጭነቶችን ጨምሩ፤ ቁራጩ ውስጥ ከተበተነ ሞድ ጨምሩ። እኔ እስካሁን ባየኋቸው ሥራዎች ቅሪቱ በብዛት የሚገኘው መገናኛው ላይ ነው፤ ሰው ግን ቀድሞ የሚጨምረው ሞድ ነው። ሞድ መጨመር ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል።

ስትረስ ከፍሪኩዌንሲ ይልቅ ዘግይቶ ይስተካከላል። በተረከዙ ማዕዘን ላይ ደግሞ ሜሹን ባደቀቃችሁ ቁጥር ስትረሱ ያድጋል፤ ይህ የማቅለሉ ጥፋት አይደለም፣ የስለታም ማዕዘን ጠባይ ነው። ከማዕዘኑ በተወሰነ ርቀት ላይ አንብቡት፤ ርቀቱንም ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

የማይሠራበት ቦታ

ይህ ሁሉ የሚያስኬደው ኮንክሪቱ እስካልተሰነጠቀና መገጣጠሚያዎቹ እስካልተከፈቱ ድረስ ነው። ከባድ መንቀጥቀጥ ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል። ያኔ የፍሪኩዌንሲው መንገድ ይዘጋል፤ ወደ ጊዜ እርምጃ መመለስ ግድ ነው። ነገር ግን ሁሉን መጣል አያስፈልግም፦ የሚሰነጠቀውን ቁራጭና የሚከፈተውን መገጣጠሚያ ሳታቀልሉ ተዉት፣ ዐለቱንና የቀሩትን ቁራጮች እንደተቃለሉ ግጠሙበት። የሚከፈት መገጣጠሚያ ግራና ቀኙ የየራሱ ኖድ ይኑረው፤ የጋራ ቅርጽ የተሰጠው መገጣጠሚያ ሊከፈት አይችልም፣ ሞዴሉም ችግር የለም ብሎ ያረጋጋችኋል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ሦስቱን አቅጣጫዎች ትታችሁ የግድቡን አንድ ቁመታዊ ክፍል በሁለት አቅጣጫ ሥሩ፤ አንድ ኮንክሪት፣ አንድ ዐለት፣ አንድ መገናኛ። ግትር ዐለት አድርጋችሁ 1.5 ሄርዝ አካባቢ ካገኛችሁ ቀጥሉ። ቁራጮቻችሁን ለጓደኛ ስትሰጡ የመገናኛውን የኖድ ዝርዝር፣ የተጠቀማችሁበትን ዩኒትና የጣላችሁትን የመጨረሻ ሲንጉላር ቫልዩ አብራችሁ ስጡ፤ ያለ እነሱ ያን ቁራጭ ሌላ ሰው ሊገጥመው አይችልም።